የሞተሩን ድምፅ ጻፊልኝ

መተሐራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺመቤት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ለመጀመሪያው ሳልመልስ ሁለተኛው ስለመጣ አፍሬያለሁ። ክረምቱን ወባ ይዞኝ ከረመ፤ አሁን ድኛለሁ። ስለሱ ሌላ አትጠይቂኝ።

ለጥያቄሽ መልሴ አይሆንም ነው። መኪናዋን አታስረክቢ። ቀበሌው የቆመ መኪና ሁሉ ተሰብስቦ ለማረሻ ብረት ይቅለጥ ብሎ መወሰኑ ገብቶኛል። በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስ ግን አይነካም ብለውሻል፤ የሰጡሽም ጊዜ እስከ ገና ነው። እንግዲያው እስከ ገና ትንቀሳቀሳለች። ያቺ ጣሊያን አገር ከጦርነቱ በፊት የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ከሞተሯ ጋር እየተሽከረከረ አየር አጭቆ የሚያጎርሳት ሱፐርቻርጀር አላት። በአገራችን እንደሷ ያለች ሌላ መኖሯን አልሰማሁም። ስገዛት ሞተሯ በሣጥን ተበትኖ ነበር፤ ስንት ዓመት ፈጅቶብኝ እንደገጠምኳት አንቺም ደርሰሽበታል። ለማረሻ አልሰጣትም።

ቤንዚን የለም ትያለሽ። ልክ ነሽ፤ ባለቤቱ ሩቅ ለተመደበበት መኪና ማንም ኩፖን አይሰጥም። እኔ የተመደብኩበት ስኳር ፋብሪካ ግን ከሞላሰስ አልኮል ያወጣል። ሥራ አስኪያጁ ለሙከራ ብለው አንድ በርሜል ፈቅደውልኛል፤ ስኳር ጭኖ የሚመላለሰው ሹፌር ኦላና ያደርስልሻል። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት አልኮል መኪና ይነዳ እንደሆነ ነው። እኔ የምፈልገውን አንቺ ታውቂያለሽ።

አልኮልን እንደ ቤንዚን አትመኚው። ቤንዚን አንድ ብርጭቆ በሚበቃበት አልኮል አንድ ተኩል ይጠጣል፤ ስለዚህ ነዳጅ የሚያልፍበት የካርቡራቶሯ ቀዳዳ ይስፋ። ብረት ቀራጩ ሀብቶም በቶርኖ ማሽኑ አጠገብ ያለችውን ቀጭን መሰርሰሪያ አይነፍግሽም። በሌላ በኩል አልኮል ሲተን ሙቀት እየወሰደ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ካንዴላው ለቤንዚን ከለመደው ቀደም ብሎ እሳት ቢሰጥም ሞተሯ ትችለዋለች፤ ጉልበት የምታገኘውም ከዚያ ነው። ምን ያህል ቀደም ብሎ የሚለውን መጽሐፍ አይነግርሽም። እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በትንሽ በትንሹ እያዞርሽ በጆሮሽ ፈልጊው።

አንድ አደራ አለኝ። ባዞርሽ ቁጥር የሰማሽውን ድምፅ ጻፊልኝ። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አትበይኝ። ድምፁን ራሱን ጻፊልኝ፤ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ምን እንደሚመስል።

እህቴን እትዬ ወለተማርያምን ሳሚልኝ። መኪናዋ ላይ በርበሬ እንዳታሰጣ ንገሪያት።

ገብረየስ


አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት፣ ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ገብረየስ፣

እንደምን ከርመዋል? ወባው ጨርሶ ለቀቀዎት ወይ? አትጠይቂኝ ስላሉኝ ይህን አንዴ ብቻ ጠይቄ እተወዋለሁ።

በርሜሉ ደርሷል። ኦላና ሲያወርደው እትዬ ወለተማርያም ሽታው አፍንጫቸው ገባና ‹‹ወንድሜ ስኳር ፋብሪካ ነው የተመደበው ሲሉኝ፣ ለካ አረቄ ቤት ኖሯል›› አሉ። ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበት፤ ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ብለምናቸው አልሰማ አሉኝ። በመጨረሻ ጥቂት ጠብታ ሰሐን ላይ አንድጄ ሰማያዊውን ነበልባል ሳሳያቸው ‹‹ይኸንንስ ሰው አይጠጣውም›› ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። አሁን የሚቀዱልኝ እሳቸው ናቸው፤ አንዲት ጠብታ አያፈሱም። በርበሬውን ግን አሁንም መኪናዋ ላይ ነው የሚያሰጡት።

እኔ ቀን ቀን ቦሌ አውሮፕላን ጥገና ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ እርስዎ ግቢ እገባለሁ። የካርቡራቶሩን ቀዳዳ ሀብቶም ራሱ አሰፋልኝ። መጀመሪያ አልኮሉ የታንኩን የዘመናት ዝቃጭ እያጠበ አመጣና ማጣሪያውን ደፈነው፤ ሁሉንም አውርጄ አጠብኩ። ቀጥሎ የጠዋቱ ብርድ አስቸገረኝ። አልኮል ሲበርደው አይነሳም፤ ስለዚህ ከሀብቶም ሞተር ሳይክል የለመንኩትን ቤንዚን በመድኃኒት ብልቃጥ ይዤ ትንሽ በካርቡራቶሩ አፍ አፈሰስኩላት። ተነሳች። እትዬ እልል አሉ፤ ጎረቤት ሠርግ ያለ መስሎት ወጣ።

ድምፁ ይኸው። እሳቱ በቤንዚኑ ልክ እንደነበረ ሲሆን ወፍራም ነው፤ ከጭስ ማውጫው በኩል ይመጣል። ሳይጠግብ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ‹‹እእ›› እንደሚለው ነው። ነዳጅ ስሰጣት ወዲያው አትመልስም፤ መጀመሪያ ታስባለች። እሳቱን ሳስቀድመው ድምፁ እየጠበበ መጣ። ሸማኔ ድሩን ሲወጥር ቀስ በቀስ ክሩ እንደሚናገረው ሆነ። ከሥሩ የሱፐርቻርጀሩ ፉጨት አለ፤ ቀጭን ነው፤ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሁሉም ይጠፋብኛል፤ ያኔ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። ደስ ይላል። ከሱፐርቻርጀሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቧንቧ ሞተሩ እየሠራ ጤዛ ለበሰ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሶ ለበሰ።

ካንዴላዎቹን ፈትቼ አይቻለሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ናቸው። ሁሉም ደህና ነው።

የሺመቤት


መተሐራ፣ ኅዳር 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺመቤት፣

ደህና ነሽ ወይ? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ሰውዬ ገብቶኛል። እሳቱ ሲዘገይ ነው እንደዚያ የሚለው፤ ፒስተኑ ቁልቁል መሄድ ከጀመረ በኋላ ከኋላው ሮጦ ሊገፋው ይሞክራል፤ አይደርስበትም። የተወጠረውም ድር ገብቶኛል። ‹‹ደስ ይላል›› ያልሽው ግን ድምፅ ስላልሆነ ሰርዤዋለሁ።

ቦሌ ላይ አየሩ ስስ መሆኑን አትርሺ። ሱፐርቻርጀሩ የሚያጭቀው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቀደም ያለ እሳት ትችላለች። ቆማ ስትሠራ የሰማሽው ግን አያታልልሽ። እውነቱ የሚወጣው ሞተሯ ከሞቀ በኋላ፣ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ እስከ ጥግ ሲሰጣት ነው። እዚያ ላይ ደረቅ ነገር ከሰማሽ ወዲያው እግርሽን አንሺ። ዳገቱን ሳትጨርሺ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። ሁሉም ደህና ነው ብለሽ ዘጋሽው። የነገርሽኝ የሦስት ካንዴላ ቀለም ነው፤ ሞተሯ ግን አራት ሲሊንደር አላት። ሦስተኛውን ዘለልሽው። በክፍሌ ከተማሩት ሁሉ ሞተር ፈትተሽ ስትገጥሚ አንድ ብሎን እንኳ የማትረሺ አንቺ ነበርሽ። ረስታው ነው ብዬ አላምንም።

አልቆጣም። ቁጣዬ በፖስታ ቤት በኩል እስኪደርስሽ ይበርዳል። ጻፊልኝ።

ገብረየስ


አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1973 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስተኛው ፒስተን ተበስቶ ነበር።

ያለፈውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት በነበረው እሁድ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው ሰፊው አስፋልት ይዣት ወጣሁ። ከሞተር ክፍል ሁለት ባልደረቦቼ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። የጋሼ ገብረየስ መኪና ለሴት እጅ አይደለችም፣ ሴት ዕቃ ማጠብ ይበቃታል ሲሉኝ ሰንብተዋል። አጠገባቸው ስደርስ ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጠኋት። ያኔ ያንን ደረቅ ነገር ሰማሁት፤ ምስር ሰፌድ ላይ ሲበተን እንደሚሰማው፣ ቀጭን ሆኖ ከፊት በኩል። የሱፐርቻርጀሩ ፉጨት ሊሸፍንብኝ ቢሞክርም ሰምቼዋለሁ። እግሬን ግን አላነሳሁም፤ እያዩኝ ነበራ። ብዙም ሳልሄድ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ጉልበቷ ከዳት። እስከ ሃያ ሁለት እየገፉ ያመጡልኝ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። አንድም ቃል ሳይናገሩ ገፉልኝ፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሳቱን ከልክ በላይ አስቀድሜው ነበር፤ የካርቡራቶሩ ቀዳዳም ገና ጠባብ ነበር። ሁለቱም የኔ ናቸው። ለእርስዎ ያልጻፍኩት መኪናዋን ከልክለው ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል ብዬ ነው።

ሀብቶም ከአሮጌ የጭነት መኪና ፒስተን ቀንሶ አዲስ ቀረጸልኝ። ክብደቱ ከሌሎቹ እኩል መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ ሾላ ገበያ ወስጄ በአንዲት ቅመም ሻጭ ሚዛን ላይ ከደህናዎቹ ፒስተኖች አንዱን በአንዱ፣ አዲሱን በሌላው ሰሐን አስቀመጥኩ። ሴትየዋ ምን ዓይነት ቅመም ነው ብላ ስትስቅ ዋለች። ጥቂት ፋቅ አድርጌ ተመለስኩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሚዛኑ ቀጥ አለ፤ የሳቀችው ሴት አጨበጨበችልኝ።

ከዚያ ወዲህ እሳቱን የማስቀድመው በጥፍር ልክ ነው። ከሾላ በላይ ባለው ዳገት፣ ሞቃ ሳለች፣ እየተመላለስኩ ሞከርኳት። አንድ ጥፍር ባስቀድም ምስሯ ትመጣለች። አንድ ጥፍር ባዘገይ ‹‹እእ›› ትላለች። በሁለቱ መካከል ጠባብ ጸጥታ አለ። አራቱን ሲሊንደር ለየብቻ ልሰማቸው ብሞክር አልቻልኩም፤ አንድ ሆነዋል። እዚያ ላይ ነው ያሰርኳት። አራቱም ካንዴላ አሁን አንድ ቀለም ናቸው፤ አራቱንም አይቻለሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ትናንት ከሰዎቻቸው ጋር መጡ። በሩን እትዬ ከፈቱላቸው። መኪናዋን አስነስቼ እስከ አደባባዩ ሄጄ ዞሬ ተመለስኩ። ሊቀመንበሩ ሞተሯን ሲያዩ ቆይተው እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አሉ። ነገር ግን የውሳኔው ጽሑፍ ባለቤቱ የሚገለገልበት ይላል፤ ባለቤቷ ፊት ሳትቀርብ እንደቆመች ነው የምትቆጠረው አሉኝ። ከጥምቀት በፊት መተሐራ ወስጄ ካስፈረምኩዎት የይለፍ ወረቀቱን ራሳቸው እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ስለዚህ ልመጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኦላና እንደነገረኝ ባለፈው ጊዜ ከኋላዎ ሆኖ የጭነት መኪናውን ክላክስ ነፋ፤ አልዞሩም። ደግሞ ነፋ። ጋሼ፣ ድምፁን ጻፊልኝ ያሉኝ ለምንድን ነው?

የሺመቤት


መተሐራ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺመቤት፣

ኦላና ልክ ነው። አልሰማም።

በነሐሴ የወባው ትኩሳት ሲለቀኝ ጆሮዬን ይዞ ሄደ። መጀመሪያ ፉጨት ነበር፤ ቀጥሎ ፉጨቱም ተወኝ። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ፤ እኔ አልጠብቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን እያየሁ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያልተጠየቅኩትን እመልሳለሁ። ሽማግሌው ኩሩ ነው፣ ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚመልሰው የሚሉኝ ይመስለኛል። እንዲያ ቢያስቡ እመርጣለሁ።

ዕድሜ ልኬን የሠራሁት በጆሮዬ መሆኑን ታውቂያለሽ። አውሮፕላን ሲነሳ ከበር ቆሜ የትኛው ሲሊንደር እንዳመመው እናገር ነበር፤ አንቺም ተማሪ ሳለሽ አንድ ቀን ፈትተሽ አይተሽ ልክ ሆኖ አግኝተሽዋል። አሁን የፋብሪካው ወፍጮ አጠገቤ ሲፈጭ ሸንኮራው እንደ ሕልም ዝም ብሎ ይገባል፣ ዝም ብሎ ይወጣል። የኔ ነገር ይኸው ነው።

አንቺ የምትጽፊው ግን ይሰማኛል። ምስር ሰፌድ ላይ ያልሽው ጋ ስደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ። እግርሽን አንሺ ብዬ ተናግሬም ይሆናል፤ በሩ ላይ የነበረችው ውሃ ቀጂ ደንግጣ አየችኝ። ስለ ፒስተኑ አልተቆጣሁም። እየሰሙ አለማንሳት በእኔም ደርሷል። ሚዛን ፍለጋ ሾላ መሄድሽን ሳነብ ግን ብቻዬን ስቄያለሁ፤ እኔ አላስተማርኩሽም፤ ለኔም ባልመጣልኝ።

እንዳትመጪ። ከደብረ ዘይት በኋላ መንገዱ ይወርዳል፤ ከናዝሬት በኋላ ጨርሶ ቆላ ነው። በወረድሽ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ ሱፐርቻርጀሩ ያንን ወፍራም አየር ሲያጭቅባት ለቦሌ ያሰርሽው እሳት እዚህ የቸኮለ ይሆናል። ምስሯ ትመለሳለች፤ ሙቀቱም አለ። ድሮ ቢሆን ሞጆ ላይ ጠብቄ አጠገብሽ ተቀምጬ እነግርሽ ነበር። አሁን አጠገብሽ ብቀመጥ ሸክም ነኝ። እህቴም እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም፤ እሷ ስታወራ የማልመልስላት ወንድም ሆኜ።

ቀበሌው ይውሰዳት። እንደተንቀሳቀሰች አውቄያለሁ፤ ይበቃኛል።

ገብረየስ


አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት፣ ጥር 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ይህንን ግን አላደርገውም።

ደብዳቤዎን ለእትዬ አነበብኩላቸው። እንዳነብላቸው አልፈቀዱልኝም፤ ይቅርታ። አንዱንም ቃል ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ‹‹እኔ የምሄደው ላየው ነው፤ እንዲሰማኝ አይደለም›› አሉ። ከዚያ ተነስተው ስንቅ ማሰናዳት ጀመሩ። እኔ የይለፍ ወረቀቱን ተቀብያለሁ። ለቆላው የሚሆን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው የካርቡራቶር ብሎን ሀብቶም አዘጋጅቶልኛል፤ ዲስትሪቢዩተሩንም መንገድ ላይ የማላላበትን ቁልፍ ከኪሴ አልለየውም።

ይህ ደብዳቤ ከኦላና ጋር ይሄዳል። እኛ ከኋላው ነን። የት ቆመው እንደሚጠብቁን ያስቡበት።

የሺመቤት


አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት፣ ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

በሰላም ገብተናል። እትዬ ወገባቸውን ከማመማቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ ጉዞው እያወሩ ወገባቸውን ረስተውታል። ሊቀመንበሩ ፊርማዎን አይተው ተቀበሉ። መኪናዋን ከዝርዝራቸው ሰረዟት።

እዚያ ሳለን በወረቀት መጻጻፉ አድክሞን ብዙ አላወራንም። ስለዚህ እንዴት እንደመጣን አሁን ልንገርዎ።

ቃሊቲ ኬላ ላይ ወታደሩ የአልኮል ሽታ ሸተተውና ማነው የጠጣው አለ። እትዬ ‹‹መኪናዋ›› አሉት። ብልቃጡን፣ ጀሪካኑን፣ ወረቀቱን አሳየሁት፤ በመጨረሻ ራሱ ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫውን አሸተተና ሳቀ። እስከ ደብረ ዘይት ያ ጸጥታ አብሮን ነበር። ሞጆን አልፈን ዳገት ስትይዝ አንዲት ምስር ሰማሁ፤ አንዲት ብቻ። እግሬን ወዲያው አነሳሁ። ዛፍ ሥር አቁሜ እሳቱን ጥቂት አዘገየሁት። ናዝሬት ላይ የካርቡራቶሩን ብሎን ሀብቶም በሠራው ለወጥኩ። ወለንጪቲ ላይ እንደገና አዘገየሁ፤ እዚያ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፤ ቧንቧው ግን ጤዛ እንደለበሰ ነበር። እትዬ እጃቸውን እያስነኩ ፊታቸውን ይዳብሱበት ነበር። ከዚያ በኋላ ምስሯ አልተመለሰችም። የበሰቃን ሐይቅና ጥቁሩን ድንጋይ ስናልፍ ሞተሯ እንደ ቦሌው ሆነች፤ እንዲያውም በለጠች። ወፍራሙን አየር ወደደችው።

የፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ጀርባዎን ሰጥተው ቆመው ነበር። ያልሰሙትን ልጻፍልዎ። መጀመሪያ የተሰማው የሱፐርቻርጀሩ ፉጨት ነው፤ ረጅም ነው፤ ሸንኮራው መሃል ገብቶ ተመለሰ። ከሥሩ የሞተሯ ድምፅ አለ፤ አንድ ትልቅ ወንጭፍ ሳይቋረጥ በአናት ላይ ሲዞር እንደሚሰጠው ያለ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ‹‹ምንድን ነው?›› ሲባባሉ ሰማሁ። እትዬ ስምዎን ጠሩ። ሁለት ጊዜ ጠሩዎት። ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ትዝ አላቸውና አፋቸውን ያዙ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ሲዞር እርስዎም ዞሩ።

እትዬ ሲያቅፉዎት አንድ ነገር ጆሮዎ ላይ ተናግረዋል። የተናገሩትን ጠይቄያቸው ነበር፤ ለእሱ የተነገረ ነው አሉኝ።

ከዚያ መዳፍዎን ከኮፈኗ ላይ አድርገው ዓይንዎን ጨፈኑ። ‹‹ታንኳኳለች›› አሉኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ‹‹እጄ አይዋሽም፤ ታንኳኳለች›› አሉ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል፤ እርስዎ መምህሬ ነዎት። እግሬን ሳላነሳ በቀረሁበት ቀን ሰው ያየኝ እንደነበር አስታወስኩ። አሁንም ያዩኛል፤ አሁን ግን የሰማሁትን አውቀዋለሁ። ዲስትሪቢዩተሩን አልነካሁትም። ወደ ኋላ ሄጄ የዕቃ ማስቀመጫዋን ክዳን ከፈትኩና የእትዬን የቅቤ ጣሳ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ አገኘሁት፤ አወጣሁት። እርስዎ መዳፍዎን መልሰው አኖሩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ትተውን ሄደው ከዛፍ ሥር ተቀመጡ።

እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው። በሰው ፊት ስለተቃወምኩዎ ቅር ብሎዎት እንደሆነ ይጻፉልኝ።

የሺመቤት


መተሐራ፣ ጥር 22 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺመቤት፣

ቅር አላለኝም። መዳፌን ሁለተኛ ጊዜ ሳኖር የማርመው ነገር ፈለግኩ። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር ሄጄ ተመለስኩ፤ አንድም አላገኘሁም። ተማሪ ለብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ የማርመው አጥቼ አላውቅም። ተነስቼ የሄድኩት ዓይኔን ሰው እንዳያይብኝ ነው።

ሁለት ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያው፣ አለመስማቴን አሁን ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። እናንተ በሄዳችሁ ማግስት ራሴ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ሲያናግሩኝ ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ፤ የማይችሉት አሸዋ ላይ ይጽፉልኛል። ይህን ቀደም ብለው ማድረግ ነበረብዎ ብለሽ አትጻፊልኝ፤ እህቴ ያንኑ በኦላና በኩል ልካልኛለች።

ሁለተኛው ያለፈው ሰኞ የሆነ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት እንግዶች አስከትለው መጡ። ዓለም ሁሉ ቤንዚን ሲያጣ ከሞላሰስ በሚወጣ አልኮል ከቦሌ እዚህ ድረስ የመጣች መኪና መኖሯን ሰምተዋል፤ ከፋብሪካው መኪኖች አንዱን እንደዚያ ለማድረግ አስበዋል። አልኮሉ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሰፋ በወረቀት ጠየቁኝ፤ መለስኩ። በመጨረሻ ከእንግዶቹ ሸምገል ያሉት አንድ ጥያቄ ጽፈው ሰጡኝ። ‹‹እሳቱን ለደጋውም ለቆላውም ያስተካከለው ማን ነው? እርስዎ ነዎት?›› ይላል። እንድመልስበት እርሳሱን አቀበሉኝ።

እርሳሱን አልተቀበልኳቸውም። ስምሽን ከነአባትሽ በአፌ ተናገርኩ። ድምፄን ስለማልሰማው ምን ያህል ከፍ እንዳደረግኩት አላውቅም። ከመስኖው ማዶ ሸንኮራ የሚቆርጡት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ።

ገብረየስ